ሞቅ ያለ ድምፅና ድፍርስ ድምፅ፦ ዋጋው በማይከብድ የጃዝ ጊታር ላይ ፒካፕ ስለመቀየር

አንድ ተማሪዬ ካናዳ ያለች አክስቱ ያመጣችለትን ሆሎ ቦዲ (ሆዱ ባዶ የሆነ) ጊታር ይዞ ቤቴ መጣ። ጊታሩ ያምራል። ሆዱ ሰፊ ነው፤ ከክሮቹ ግራና ቀኝ የኤፍ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀለሙ ከዳር ጠቆር ብሎ ወደ መሐል ሲመጣ ማር ይመስላል። ሳይሰካ ሲጫወትበት ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሲሰካው ግን ከጎረቤት ግድግዳ በኩል እንደሚሰማ ሬዲዮ ታፈነ። አራት ኖታ ያለበት ኮርድ ሲይዝ አራቱም ተጣብቀው አንድ ላይ ይሰማሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። "የጃዝ ድምፅ እንዲህ አይደል እንዴ?" አለኝ። የቶን ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርጎታል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሊያዝዘው የመረጠውን ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል፣ አሳየኝ። ማስታወቂያው ስለ ጉልበቱ ብዙ የሚያወራለት፣ ለከባድ ሮክ የተሠራ ፒካፕ ነበር።

ያን ቀን የተነጋገርነውን ነው እዚህ የምጽፈው። ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ገንዘባቸውን ካወጡ በኋላ ነው የሚመጡት።

በመጀመሪያ "ሞቅ ያለ" የሚለውን ቃል እናጥራው። የጠራ ጠጅ ቀለም አለው፤ ብርሌውን ወደ ብርሃን ብታነሱት ግን አሻግራችሁ ታያላችሁ። ድፍርሱም ቀለም አለው፤ አሻግሮ ማየት ግን የለም። ጥሩ የጃዝ ጊታር ድምፅ እንደ ጠራው ጠጅ ነው። ወፍራምና ክብ ሆኖ እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ይሰማል። የተማሪዬ ጊታር የሰጠን ድፍርሱን ነበር፤ እሱ ሊያዝዘው የነበረው ፒካፕ ደግሞ ይብሱን ያደፈርሰው ነበር። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ፒካፕ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፒካፕ ምን ይሰማል?

ፒካፕ ማለት ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ሌላው ሁሉ ማቀፊያ ነው። ማግኔቱ ከላዩ ያለውን የብረት ክር ጭምር ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ በዚህ ምክንያት ሽቦው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ሕግ ነው፤ ዛሬ የኃይል ማመንጫዎቻችን ጄኔሬተር የሚሠራበትም ይኸው ሕግ ነው። ልዩነቱ የመጠን ነው። በጊታር ፒካፕ ላይ ያለው ሽቦ ውፍረቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ግድም ሲሆን፣ በተለመደው ሀምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) ውስጥ በእያንዳንዱ ጥቅል 5,000 ዙር ያህል ይጠመጠማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፒካፕ እንጨቱንም በሆዱ ውስጥ ያለውን አየርም አይሰማም፤ የሚሰማው የብረት ክሩን ብቻ ነው። ለአኩስቲክ ጊታር የሚሸጠውን የነሐስ ክር ሆሎ ቦዲ ላይ ብታስሩ ፒካፑ በደንብ የማይሰማላችሁ ለዚህ ነው፤ ነሐሱን ማግኔት አያውቀውም። ታዲያ ባዶ ሆድ ምን ይጠቅማል? ቀጭኑ የፊት እንጨት ለክሩ ይለቅለታል። ክሩ ከተመታ በኋላ ጉልበቱን ቶሎ ለእንጨቱ ስለሚሰጥ ኖታው "ዱም" ብሎ ይነሳና ቶሎ ይረግባል። ያ አነሳስ ነው የጃዝ ጊታር መለያው። ፒካፑ ይህን አነሳስ ሳያበላሽ እንዲያሳልፈው ነው የምንፈልገው፤ ከዚህ በላይ አንጠይቀውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሽቦ ብዙ ዙር በተጠመጠመ ቁጥር ፒካፑ ይጮኻል፤ ግን ነጻ ስጦታ አይደለም። የሽቦው ጥቅል ፈጣን ለውጥን ይቃወማል፤ ይህ ባሕርይው በሄንሪ ይለካል። ከጊታሩ ወደ አምፑ የሚሄደው ኬብል ደግሞ በየሜትሩ 100 ፒኮፋራድ ያህል ቻርጅ የመያዝ አቅም አለው። ሁለቱ ሲገናኙ አንድ የድምፅ ጫፍ ይፈጥራሉ። እስከዚያ ጫፍ ድረስ ያለው ድምፅ ያልፋል፣ ጫፉ ላይ ያለው ትንሽ ይደምቃል፣ ከጫፉ በላይ ያለው በፍጥነት ይጠፋል። በ1950ዎቹ አሠራር የተሠራ ሀምባከር 4.4 ሄንሪ ያህል አለው፤ ከተለመደው ኬብል ጋር ጫፉ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። 8 ሄንሪ ያለውን ጉልበተኛ ፒካፕ በዚያው ኬብል ስትሰኩት ጫፉ ወደ 2,200 ኸርዝ ይወርዳል። የጣት ወይም የሜድያተር (የክር መምቻ) ንክኪ፣ የኖታው መነሻ፣ የኮርዱ መለየት፣ እነዚህ ሁሉ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይኖራሉ።

የቶን ማዞሪያውም ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዜሮ ላይ ስታደርጉት በጊታሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ብዙ ጊዜ 0.022 ማይክሮፋራድ) ሙሉ በሙሉ ይገባና ጫፉን ወደ 500 ኸርዝ አካባቢ ይጎትተዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው አፍንጫን ይዞ እንደመዝፈን ነው። ቶኑን 4 ወይም 5 ላይ ስታቆሙት ግን ጫፉ አይንቀሳቀስም፤ ሾል ያለው ድምቀቱ ብቻ ይለዝባል። ስለዚህ ለጃዝ የሚስማማው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ነው። ተማሪዬ ማዞሪያውን ከዜሮ ወደ 5 ሲያመጣው ብቻ ፊቱ ተለወጠ።

የድሮዎቹ በምን ይጫወቱ ነበር?

ጊታር አምራቹ ጊብሰን ኢኤስ-150 የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ቻርሊ ክርስቲያን በ1939 ቤኒ ጉድማን ባንድ ውስጥ ገብቶ በዚህ ጊታር ሲጫወት ጊታር ከሳክስፎን ጎን ቆሞ ሶሎ የሚጫወት መሣሪያ ሆነ። ክርስቲያን በ1942 ገና በ25 ዓመቱ አረፈ፤ የቀረጻው ድምፅ ግን ዛሬም ጥርት ብሎ ይሰማል። ጨለማ አይደለም። ይህን የምለው ቀረጻውን ፈልጋችሁ በጆሯችሁ እንድታረጋግጡ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፒ-90 የሚባለው ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ መጣ። በ1949 የወጣው ኢኤስ-175 መጀመሪያ የታጠቀው ይህን ነበር፤ ከ1957 ጀምሮ ሀምባከር ተደረገለት። ጂም ሆልና ጆ ፓስ በዚህ ሞዴል ነው የሚታወቁት፤ ፓት ሜቴኒም ወጣትነቱን ያሳለፈው ከእሱ ጋር ነው።

ለባለ አነስተኛ በጀት ተጫዋች ትልቅ ማጽናኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኢኤስ-175 አካሉ ድርብርብ የሜፕል እንጨት ነው፤ እኛ ኮምፔርሳቶ የምንለው ዓይነት አሠራር። ፊቱ ከሙሉ ስፕሩስ ተፈልፍሎ እንደተሠራው የዌስ ሞንጎመሪ ኤል-5 ውድ አልነበረም። በጃዝ ጊታር ታሪክ ውስጥ ከተሰሙት ምርጥ ድምፆች ብዙዎቹ የወጡት ከኮምፔርሳቶ ነው። አይባኔዝ በአርትኮር ተከታታዩ፣ ኤፒፎን ጆ ፓስን ባስታወሰበት ኢምፐረር 2፣ ሌሎችም አምራቾች በመጠነኛ ዋጋ ያወጧቸው ሆሎ ቦዲዎች አካላቸው በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። "እንጨቱ ርካሽ ስለሆነ ነው" ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

የሀምባከሩን ነገር ትንሽ ላስፋው። ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ የክሩን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ጉምጉምታም ይሰበስባል። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ሽቦአቸውንም ማግኔታቸውንም እርስ በርስ ገልብጦ አያያዛቸው። ከመስመር የሚመጣው ጉምጉምታ በሁለቱ ውስጥ ተቃራኒ ሆኖ ይገባና ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ይደመራል። ማመልከቻውን በ1955 አስገባ፤ የባለቤትነት መብቱ የተሰጠው በ1959 ነው። ከ1957 አንስቶ ለጥቂት ዓመታት በተሠሩት ፒካፖች ጀርባ ላይ "ፓተንት አፕላይድ ፎር" የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር፤ ዛሬ "ፓፍ" የሚባሉት እነሱ ናቸው። የሽቦአቸው የኤሌክትሪክ መቋቋም ሲለካ አብዛኞቹ ከ7 እስከ 8.5 ኪሎ ኦም ይሆናሉ። በዛሬው ገበያ ሚዛን ደካማ የሚባሉ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን እስካሁን መለኪያ ሆኖ ቀርቷል።

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ጉምጉምታው በጉልህ የሚሰማው በእጥፉ፣ በ100 ኸርዝ ስለሆነ፣ ከስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት (ጂ፣ 98 ኸርዝ) ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በጂ ቁልፍ ባላድ ስትጫወቱ ከቃና ትንሽ የወጣ ባስ አብሯችሁ ያጅባል ማለት ነው። አሜሪካና ሳውዲ ያላችሁ መስመራችሁ 60 ኸርዝ ስለሆነ ጉምጉምታችሁ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት አምፕ በትራንስፎርመር የምትጠቀሙ ከሆነ ትራንስፎርመሩን ከጊታሩ አርቁት። ቅርብ ከሆነ በአንድ ወገን ካለው ጥቅል ላይ የበለጠ ስለሚያርፍ ሀምባከር እንኳ ሊያጠፋው አይችልም። ፒካፑ ተበላሽቷል ብለው ያመጡልኝ ጊታሮች ነበሩ፤ ሁለት ሜትር ራቅ ብለን ስንቀመጥ ዝም ያሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ማልቲሜትር ያለው ሰው ጊታሩን ሳይከፍት ፒካፑን መለካት ይችላል። ኬብል ጊታሩ ላይ ሰኩ፣ የአንገቱን ፒካፕ ምረጡ፣ ቮሊዩሙን ሙሉ ክፈቱና በኬብሉ ሌላ ጫፍ ላይ የመሰኪያውን ጫፍና እጀታ በማልቲሜትሩ ለኩ። የሚወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ትንሽ ያንሳል፤ ለግምት ግን ይበቃል። የተማሪዬ 13.6 ኪሎ ኦም አሳየ። ኦም ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ ሽቦው ከቀጠነ ዙሩ ሳይበዛ ቁጥሩ ይጨምራል። ሆኖም ለአንገት ፒካፕ 13 ኪሎ ኦም ካነበባችሁና ድምፁ ከታፈነ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ይቻላል።

ይህ ሆኖ ሳለም መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን ሥሩ። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ ከክሩ እስከ ፒካፑ ብሎን ያለውን ርቀት ለኩ። ለአንገት ፒካፕ 2.4 ሚሊ ሜትር የተለመደ መነሻ ነው። ለጃዝ እኔ ከዚህም ዝቅ አደርገዋለሁ፤ 3፣ አንዳንዴም 4 ሚሊ ሜትር። ከዚያ የፒካፑን አካል ዝቅ እንዳደረጋችሁ ስድስቱን ትንንሽ ብሎኖች በካቻቢቴ ከፍ ታደርጓቸዋላችሁ። አካሉ ይርቃል፣ ብሎኖቹ ይቀርባሉ፤ ድምፁ ጉልበቱ ቀንሶ ጥራቱ ይጨምራል። የተማሪዬ ፒካፕ ክሮቹን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አራት ዙር ስናወርደው ብቻ ባሱ ከመንገድ ገለል አለ።

ክሩን ቀይሩ። ለጃዝ ባለ 12 ፍላትዋውንድ (ላዩ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመ)፣ ሦስተኛው ክር (ጂ) የተጠመጠመበት ስብስብ ነው የምመክረው። ዋጋው ከተራው ክር ይበልጣል፤ ዕድሜውም ይበልጣል። ግን አንድ ነገር ይከተላል። የተጠመጠመው ጂ ውስጡ ያለው ብረት ቀጭን ስለሆነ ለፒካፑ ድምፁ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ያለው ቢ ግን ሙሉ ብረት ስለሆነ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። የቢውን ብሎን ዝቅ፣ የጂውን ከፍ አድርጉ። ሜሎዲ ከጂ ወደ ቢ ሲሻገር ድምፁ የማይዘልበትን ቦታ እስክታገኙ ሩብ ሩብ ዙር እያደረጋችሁ ሂዱ። ይህን ሥራ በቸኮለ ጆሮ አትሥሩት።

ብዙ ጊታሮች እዚህ ላይ ይድናሉ። የተማሪዬ በግማሽ ዳነ። ኮርዱ መለየት ጀመረ፤ አንቺሆዬ ስንሞክር ግን ችግሩ ወጣ። አንቺሆዬ ውስጥ ከሲ ወደ ዲ ፍላት፣ ከኤፍ ወደ ጂ ፍላት በግማሽ እርከን የሚጠጋጉ ኖታዎች አሉ። እነዚህን አንድ ላይ በኮርድ ስትይዟቸው ፒካፑ ካልለየላችሁ ያ የሚያሳክከው ውበት ጠፍቶ ስሕተት ይመስላል። ሞክረን ሞክረን "አሁን ፒካፕ መቀየር እንችላለን" አልኩት።

የትኛውን?

የአንገቱን ብቻ ቀይሩ። የጃዝ ድምፅ በሙሉ ማለት ይቻላል ከእሱ ነው የሚወጣው። 20 ፍሬት ባለው ጊታር ላይ የአንገቱ ፒካፕ ከብሪጁ (ክሮቹ ሆዱ ላይ ከሚያርፉበት ድልድይ) ሲለካ የክሩ ርዝመት አንድ አራተኛ አካባቢ ላይ ይወድቃል፤ በባዶ ክር ላይ አራተኛው ሃርሞኒክ እዚያ ነጥብ ላይ አይንቀሳቀስም፤ ለዚህም ነው ክብ የሚሆነው። የብሪጁን ፒካፕ መተው ግማሽ ገንዘብ ያድናል።

በዓይነት ረገድ ምርጫዬን ልናገር። ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር የሚጫወት ሰው በፓፍ አሠራር የተሠራ፣ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም የሆነ፣ አልኒኮ 2 ማግኔት ያለበት ሀምባከር ቢያደርግ አይቆጭም። አልኒኮ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የሚሠራ ማግኔት ነው። ባለ 2ቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ባለ 5ቱ ይበልጥ ጠንካራ፣ ባሱም ከላዩም የጎላ ነው። ሲይሞር ደንከን ከራሱ ከሴዝ ላቨር ጋር ሠርቶ በስሙ የሰየመው ፒካፕና የጊብሰን 57 ክላሲክ ሁለቱም አልኒኮ 2 ናቸው። አዲስ ሲገዙ ከ100 ዶላር በላይ ያስወጣሉ። አንድ ልዩነት ልብ በሉ። የመጀመሪያው እንደ ድሮዎቹ ሰም ያልተነከረ ነው፤ ሁለተኛው ተነክሯል። ሰም ያልተነከረ ጥቅል ሽቦው በትንሹ ስለሚንቀሳቀስ ድምፁ ሕይወት አለው፤ ከድራም ጋር ጮክ ተብሎ ሲሠራ ግን ቶሎ ያፏጫል። በሆቴል ሎቢ በዱዎ ለሚጫወት ያልተነከረው፣ ለባንድ የተነከረው።

ጉምጉምታ የማይረብሸው፣ ቤቱ ውስጥ ወይም ስቱዲዮ ለሚጫወት ሰው ግን በሀምባከር ልክ የተሠራ ፒ-90 አለ፤ እንጨት ሳይቆረጥ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። እኔ በግሌ ለነጠላ ሜሎዲ ከዚህ የተሻለ ድምፅ አላውቅም። ግራንት ግሪን ኢኤስ-330 ላይ የተጫወተው በፒ-90 ነው፤ ኖታዎቹ እንደ ሰው ንግግር ይሰማሉ።

ከማዘዛችሁ በፊት ቀዳዳውን በማስመሪያ ለኩ። ሁሉም ሆሎ ቦዲ መደበኛ መጠን ያለው ፒካፕ አይደለም የሚይዘው፤ የግሬሽ ፊልተርትሮን ዓይነቶች ለምሳሌ ከተለመደው ሀምባከር ይጠባሉ። እንጨት ለመቁረጥ አትቸኩሉ። የተቆረጠ አይመለስም።

በጀቱ ለፒካፕ የማይበቃ ካለ ደግሞ ከሁሉ ርካሹን መንገድ ልንገረው። ያለውን ሀምባከር ፈትቶ ከሥሩ ያለውን የማግኔት ዘንግ ብቻ መቀየር ይቻላል። ሴራሚክ ወይም አልኒኮ 5 ከነበረ በአልኒኮ 2 ይተካል። ማግኔቱ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ፖስታ ውስጥም ይገባል። ሲወጣ የትኛው ጎን ወዴት እንደነበር ምልክት አድርጉና አዲሱ በዚያው አቅጣጫ ይግባ፤ ከተገለበጠ ሁለቱ ፒካፖች አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ይቀጥናል። ሽቦው ፀጉር አያክልምና እጃችሁ አይንቀጥቀጥ።

የቮሊዩምና የቶን ማዞሪያዎቹንም እዩ። ለሀምባከር 500 ኪሎ ኦም ነው የሚስማማው፤ 250 ከሆነ ከላይ ያለውን ድምፅ ይበላል። የተማሪዬ ጊታር ላይ 250 ነበር።

ሥራው በኤፍ ቀዳዳ

ሆሎ ቦዲ ከኋላው ክዳን የለውም። ማዞሪያው፣ መቀየሪያው፣ ጃኩ ሁሉ የሚወጣውም የሚገባውም በኤፍ ቀዳዳ ወይም በፒካፑ ቀዳዳ በኩል ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ፖቶቹን (ከማዞሪያዎቹ ሥር ያሉትን ክፍሎች) ሳላስር ወደ ውስጥ ለቀቅኳቸው፤ አንዱን ወደ ቦታው ለመመለስ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። አሁን ማዞሪያውን ካወጣሁ በኋላ ነቱን ከመፍታቴ በፊት በእያንዳንዱ ፖት ዘንግ ላይ ሲባጎ አጥብቄ አስራለሁ። ከዚያ ፈትቼ ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ፤ ሲባጎው በቀዳዳው በኩል ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሲመለስ ሲባጎውን መሳብ ብቻ ነው፤ ዘንጉ ራሱ ቀዳዳውን አግኝቶ ብቅ ይላል።

ፖቶቹን የማትቀይሩ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ መዝለል ትችላላችሁ። የድሮውን ፒካፕ በቀዳዳው በኩል አንሱ፣ ገመዱን ከፒካፑ በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ቁረጡ፣ የአዲሱን ገመድ ከቀረው ጋር በሶልደር አገናኙ፣ በሙቀት የሚጨማደደውን ቱቦ ወይም ናስትሮ አልብሱት። ሰዎች ይህን እንደ አቋራጭ ይንቁታል፤ በደንብ ከተሠራ ምንም ጉድለት የለውም።

ባለ አራት ገመድ ፒካፕ ከሆነ ቀለሞቹ በአምራቹ ይለያያሉ። በሲይሞር ደንከን ጥቁሩ ወደ ቮሊዩም ይሄዳል፣ አረንጓዴውና እርቃኑ ሽቦ ወደ ግራውንድ፣ ቀዩና ነጩ እርስ በርስ ይታሰራሉ። በዲማርዚዮ ደግሞ ቀዩ ነው ወደ ቮሊዩም የሚሄደው፣ አረንጓዴው ወደ ግራውንድ፣ ጥቁሩና ነጩ ይታሰራሉ። በልምድ አትሂዱ፤ የገዛችሁትን ወረቀት አንብቡ።

ለብየዳው ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ ጋሼ ጋ ነው የሄድነው። ተማሪዬ ሶልደሩን በመበየጃው ጫፍ አቅልጦ ፖቱ ጀርባ ላይ ሊጥለው ሲል እጁን ያዙት። "ልጄ፣ ብረቱ ይጉረስ እንጂ መበየጃው አይጉረስ" አሉት። ፖቱ ራሱ እስኪግል ጠበቁ፤ ከዚያ ሶልደሩን ግለቱ ላይ ነካ ሲያደርጉት እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ተዘረጋ፤ ሲበርድም አብረቀረቀ። ግራጫና ጉብታ ሆኖ የሚቀር ብየዳ አልያዘም ማለት ነው፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ መድረክ ላይ ይከዳል።

አንድ ነገር ግን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። ከፖቶቹ ወደ ክር ማሰሪያው ብረት የሚሄድ ቀጭን ሽቦ አለ። በሥራ ላይ ከተበጠሰ ጊታሩ ክሩን ስትነኩት ዝም አይልም፤ ጉምጉምታው ይቀጥላል። መልሳችሁ አያይዙት። ይህ ሽቦ እጃችሁን ከአምፑ ብረት አካል ጋር ያገናኛል፤ ስለዚህ አምፑ የግድ በትክክል መሬት ከተያያዘ ሶኬት ላይ መሰካት አለበት። ሦስተኛውን የሶኬት እግር ቆርጦ ወይም እሱን በሚተው ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ፣ ክር ይዞ ማይክ ላይ ከንፈር ማስጠጋት የሰው ሕይወት አሳጥቷል። ቤታችሁ ውስጥ ያለው ሶኬት መሬት ይኑረው አይኑረው ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስለኩ።

ፒካፑ ከገባ በኋላ የሚያፏጭ ከሆነ መጀመሪያ ከአምፑ ፊት ዞር በሉ። ካልተሻለ በኤፍ ቀዳዳዎቹ በኩል ለስላሳ ስፖንጅ ማስገባት ወይም ቀዳዳዎቹን መሸፈን ይረዳል፤ የሆዱን አየር ያረጋጋዋል። ጊታሩ የብረት ብሪጅ ካለው በኢቦኒ ወይም በሮዝዉድ የተሠራ የእንጨት ብሪጅ መተካትም ዋጋው አነስተኛ ሆኖ የኖታውን መነሻ ያለሰልሰዋል። አምፑ ላይ ደግሞ ትሬብሉን ከመሐል ትንሽ ዝቅ፣ ሚዱን እንዳለ፣ ባሱን ከምታስቡት በታች። ባሱን ከጊታሩ ሆድ ነው የምታገኙት።

ተማሪዬ የሮኩን ፒካፕ አላዘዘም። አንድ ጓደኛዬ ከሌላ ጊታር ያወጣውን 7.8 ኪሎ ኦም የሆነ አሮጌ ሀምባከር ሸጠለት፤ 500 የሆኑ ሁለት ፖቶች ጨመርንበት። ጋሼ ሱቅ ውስጥ በነበረችው ትንሽ ስፒከር ሰክቶ ሲ፣ ዲ ፍላትና ኤፍን አንድ ላይ ያዘ። ሦስቱም ለየብቻቸው ተሰሙ። ደግሞ ደጋግሞ መታው። እኔ ብሎኖቹን እያየሁ ነበር፤ ቢው አሁንም ትንሽ ይጮኻል፤ ሩብ ዙር ላውርደው ብዬ ካቻቢቴውን አነሳሁ።